ሃያ አራት እርምጃ

በፈረስ ውድድሩ ሜዳ ሐኪሙን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ጋላቢውም፣ አሰልጣኙም፣ በር ላይ የሚቆመው ዘበኛም «አይሮጥም» ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት የዛሬ አስራ ስምንት ዓመት፣ በአንድ ጠዋት ከዘጠኝ ፈረሶች አራቱን ከውድድር ያስወጣ ዕለት ነው። ያወጡለት ሊያበሽቁት ነበር። እሱ ግን ጭራሽ ስልክ ሲያነሳ «አቤት፣ አይሮጥም ነኝ» ማለት ጀመረ፤ ስድቡም በዚያው ስም ሆኖ ቀረ።

ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው። ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ከወገቡ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የፈረስ እግር ለመዳበስ ያጎነበሰ ሰው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ መጠበቅም ግፍ ነው። ሚስቱ «ሠርግ ቤት እንኳ ይዤው ስሄድ ሰው አጠገባችን ፈረስ የታሰረ ይመስለዋል» ትላለች። ነገር አያበዛም። ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም፤ የማያውቁት ሰዎች በረደለት ብለው የሚሳሳቱትም ለዚህ ነው።

የውድድር ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጋጣው በር ላይ ይገኛል። ሥራው አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፤ ይህ ፈረስ ዛሬ ሰው ተሸክሞ ቢሮጥ በደህና ይመለሳል ወይስ አይመለስም? መጀመሪያ ምንም ሳይነካ ቆሞ ያያል። የትኛውን እግሩን እያሳረፈ ነው የቆመው? ቀጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ ከጉልበት እስከ ኮቴ በመዳፉ ይወርዳል፤ ትኩሳት፣ እብጠት፣ ሲጫኑት የሚሸሽ ጅማት ይፈልጋል። ከዚያ ፈረስ ያዡ ከጋጣው በር እስከ ሚዛን ክፍሉ ባለችው የሲሚንቶ መንገድ ላይ በሶምሶማ ይወስደዋል። የሚያነክስ ፈረስ ይናገራል፤ አንድ የፊት እግሩን አሞት ከሆነ የታመመው መሬት ሲነካ ራሱን ሽቅብ ያነሳል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ይህን ዘበኛውም ያውቃል።

ዘበኛው የማያውቀው ቆጠራውን ነበር። ፈረሱ ያችን መንገድ ለመጨረስ ግራ የፊት እግሩን ስንት ጊዜ እንዳሳረፈ ሐኪሙ በከንፈሩ ይቆጥርና ከኮቱ ኪስ በማይለይ ደብተር ላይ ይጽፋል። ሜዳው ላይ ያለ ፈረስ ሁሉ በዚያ ደብተር ውስጥ የራሱ ገጽ አለው። የውድድር ኮሚቴው ቅጽ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ የለውም፤ አሰልጣኞቹም «ዶክተር ዛሬም ይቆጥራሉ? እስኪ ጋማውንም ይቁጠሩልን» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ መቁጠሩን ግን አይተውም።

ይህን ቆጠራ ያስተማረው የታናሽ ወንድሙ ወገብ ነው።

ወንድሙ ጋላቢ ነበር፤ ያውም ሜዳው ላይ አለ የተባለ ጋላቢ። የዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመት ጉራች በሚሉት ጥቁር ፈረስ ሊወዳደር ተሰለፈ። በዚያ ጠዋት ሐኪሙ የጉራችን እግሮች ዳበሰ፤ ቀዝቃዛ ናቸው። በሶምሶማ አስሮጠው፤ ራሱን አላነሳም፣ አልጣለም። ቅጹ ላይ «እኩል ነው» ብሎ ፈረመ። እኩልስ እኩል ነበር፤ መከራውም እሱ ነበር። ጉራች ሁለቱንም የፊት እግሮቹን እኩል አሞት ነበርና የቱን ከየቱ አስበልጦ ያነክስ? ይህን ስሕተት የሚሠራው ደግሞ ሐኪም ብቻ ነው። ፈረስ አይቶ የማያውቅ ሰው ቢሆን «ይሄ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ጠበብ ጠበብ አድርጎ የሚረግጠው?» ይል ነበር። ሐኪም ግን ግራውን ከቀኙ ማስተያየት ስለለመደ፣ ሁለቱ ከተስማሙለት ነገሩ አልጋ በአልጋ ይመስለዋል።

በሦስተኛው ማዞሪያ ላይ የጉራች ቀኝ ቅልጥም ተሰበረ። ፈረሱ ሲወድቅ ወንድሙ ከሥር ነበር። ሐኪሙ ሸራ ተጋርዶ ጉራችን በገዛ እጁ በመርፌ ሲያሰናብት፣ ከሸራው ማዶ ወንድሙን ወደ አምቡላንስ ሲያነሱት ጩኸቱን ይሰማ ነበር። ወንድሙ ከዚያ ቀን ወዲህ በእግሩ አልቆመም። ሐኪሙም መቁጠር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሁለቱ እግሮች እኩል ቢታመሙም እርምጃው ሲያጥር ቁጥሩ ይበዛል።

እስከዚህ ያለውን ሁሉም ያውቃል። ማንም የማያውቀው፣ ለሚስቱም ያልነገራት አንድ ነገር አለ። በዚያ ጠዋት የጉራች እርምጃ አጥሮ ታይቶት ነበር። ታይቶት፣ «ብርዱ ይሆናል» ብሎ አለፈው። አስራ ዘጠኝ ዓመት የሆዱን በሆዱ ይዞ ኖረ። እሑድ በመጣ ቁጥር ወንድሙ ቤት ይሄዳል፤ የማይታዘዙትን እግሮች እያጠፈ እየዘረጋ ያንቀሳቅስለታል፣ ጥፍሩን ይቆርጥለታል፣ ስለ ፈረስ ያወሩና ይመለሳል። አንድም እሑድ ቀርቶ አያውቅም። ሰፈሩ ይህን እያየ «ወንድም ማለትስ እንዲህ ነው» ይላል፤ ምስጋናው ደግሞ ለእሱ የእግር እሳት ነው።

አባቷ ሲወድቅ የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረችው የወንድሙ ልጅ አሁን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እሷም ጋላቢ ናት። ሐኪሙ መጀመሪያ ለመነ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ለአባቷ አቤት አለ። አባቷ «ተዋት» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጋጣ ስትጠርግ፣ የሌላውን ፈረስ ስታጥብ፣ ለልምምድ ብቻ ስትጋልብ ቆየች። በዘንድሮው የመጨረሻ ውድድር ግን ቀን ወጣላት። «ቆቡ» የሚሉት አሰልጣኝ፣ በእንቅልፉም ቆቡን አያወልቅም የሚባለው፣ ጋላቢው ታሞበት ቦራን ለእሷ ሰጣት። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ነው፤ ዘንድሮ የቀደመው አልተገኘም። «በደንብ ከጋለብሽው ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ያንቺ ነው» ብሏታል ቆቡ። ልጅቱ ያን ሳምንት እህል በአፏ አልዞረም።

ቅዳሜ ጠዋት ቦራ ከጋጣው ወጣ። ቆሞ ሲያዩት ደህና ነው። እግሩን ሲዳብሱት ደህና ነው። በደብተሩ ውስጥ የቦራ ገጽ ከላይ እስከ ታች ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት ይላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሃያ አንድ። ያን ቀን ሃያ አራት መጣ።

ሐኪሙ ከደብተሩ ቀና አለ።

«እስኪ ድገመው» አለ ፈረስ ያዡን። ሃያ አራት። ቆቡ ትዕግሥቱ አልቆ ልጓሙን ተቀበለና ራሱ ይዞት ሮጠ፤ ሃያ ሦስት። በጠባብ ክብ አዞሩት። ወደ ግራ ሲዞር ለግራ እግሩ የሳሳ መሰለ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ለቀኙ። መሰለ እንጂ፣ አፍ ሞልቶ ነው የሚባል አልነበረም።

«ዶክተር፣ የታመመበትን ቦታ እስኪ በጣትዎ ያሳዩኝ» አለ ቆቡ።

«አላውቀውም።»

«ያተኮሰው ነገር አለ?»

«የለም።»

«ያበጠስ?»

«የለም።»

«ራሱን ይነቀንቃል?»

«አይነቀንቅም።»

«ታዲያ በምን አፌ ነው ለባለቤቱ ፈረስህ ታሟል የምለው? ሐኪሙ ሲቆጥር ሁለት በዛበት ልበለው?»

«እንደዚያው በለው። ሰኞ የራጅ ባለሙያው ሲመጣ ሁለቱንም የፊት እግሮቹን እናነሳለን። ምንም ከሌለው ሰው በተሰበሰበበት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

«ሰኞ ውድድር የለም» አለ ቆቡ። እውነቱን ነው፤ ለሰኞ የሚሆን ይቅርታ ለቅዳሜ ምን ያደርግለታል?

ልጅቱ የጋላቢ ልብሷን ለብሳ፣ የራስ ቁሯን በብብቷ ይዛ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ትሰማ ነበር። ቀረብ አለችና «አጎቴ» አለችው ቀስ ብላ።

«ወዬ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። የምጋልበው እኔ ባልሆን ታስወጣው ነበር?»

ሐኪሙ የቦራን ገጽ እንደገና ገለጠ። ቦራን አይቶ ይሁን ጉራችን አይቶ በምን ያውቃል? ሲፈራ ሁለት እርምጃ ጨምሮ ቆጥሮስ ቢሆን? በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የገዛ ዓይኑን እንደዚያ ቀን ጠርጥሮ አያውቅም። ፈራ፤ ለልጅቱም ፈራ፣ ከልጅቱ ለመቀማትም ፈራ።

ሄዶ ዘበኛውን ከበሩ ጠራው። ዘበኛው በኋላ ይህን ቀን ሲያወራው «ተሾምኩ» እያለ ነው። ሐኪሙ ቁጥር አልነገረውም፣ የማን ፈረስ መሆኑንም አልነገረውም። «የፊት ግራ እግሩን ብቻ እያየህ መሬት በነካ ቁጥር ቁጠርልኝ» ብሎ ራሱ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከኋላው ኮቴው ሲሚንቶውን ሲመታ ይሰማዋል፤ እንዳይቆጥር ጥርሱን ነክሶ ቆመ።

«ሃያ አራት፣ ጌታዬ» አለ ዘበኛው።

ሐኪሙ ወደ ወንድሙ ልጅ ዞረ። «ሌላ ሰው ቢሆን ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም» አላት። «ሃያ አራት መሆኑን ግን አውቃለሁ።» ቅጹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ «አይሮጥም» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ።

ልጅቱ ፊቷ ጠቆረ። እየጮኸች ብትሰድበው ይሻለው ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» አለችው። «ጨርሰዋል አይደል? እንግዲያው ልብሴን ልቀይር።» ጡት ሳትተው ጀምሮ አንተ እያለች የኖረችውን አጎቷን በአንድ ጠዋት አንቱ አለችው። ያን ቀን ከተባለው ሁሉ አንጀቱ ውስጥ የገባው ይህ ነው።

ውድድሩ ያለ ቦራ ተካሄደ። የቀሩት አምስት ፈረሶች በሰላም ጨረሱ፤ የሚያነክስ አልነበረም፣ የወደቀ አልነበረም። አንደኛ የወጣው ፈረስ ደግሞ ቦራ በልምምድ ከሚገባበት ሰዓት ዘግይቶ ነው የገባው። የውድድሩን ሰዓት የሚይዙት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። «አይሮጥም ዛሬስ ስሙን አስመሰከረ» አለ አንዱ፣ ሆን ብሎ እንዲሰማው። ያልሮጠ ፈረስ ምንም አያስመሰክርም፤ የሥራው ክፋት ይህ ነው። ሲሳሳት ሸራ ይጋረዳል፣ ልክ ሲሆን ግን የሚታይ ነገር የለም።

በአስራ አንድ ሰዓት ግድም የወንድሙ ቤት ደረሰ። ቅዳሜ መጥቶ አያውቅም ነበር። ባለ ሁለት ክፍል ምድር ቤት ነው፤ ለተሽከርካሪው ወንበር ሲባል የበሩ ደፍ ተነቅሎ በጣውላ ተተክቷል። ከጓዳው የወንድሙ ሚስት የስፌት መኪና ይንኳኳል፤ የትምህርት ቤት ልብስ ተቀብላ ነው የምትሰፋው። ልጅቱ ቦቲዋን አውልቃ በካልሲ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

«ደህና ዋሉ ዶክተር» አለች።

ወንድሙ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። «አጎትሽን አንቱ ያልሽው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከጠዋት ጀምሮ። አባዬ፣ አንተም ጋላቢ ነበርክ፣ እስኪ ፍረደኝ። ምንም ያልሆነ ፈረስ በቆጠራ አስወጣብኝ። ያየው ፈረሱን አይደለም፣ አንተን ነው።»

«እሱን ማየቴስ እውነት ነው» አለ ሐኪሙ። ገና በሩ ላይ እንደቆመ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት በሆዱ ያሰናዳው ንግግር ነበረው፤ አንዱም አልመጣለትም። «ያን ጠዋት የጉራች እርምጃ አጥሮ ነበር» አለ። «አይቼዋለሁ። ብርዱ ይሆናል ብዬ ፈረምኩ። ለማንም አልነገርኩም። የጣልኩህ እኔ ነኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ጓዳው ውስጥ የወንድሙ ሚስት ትንፋሿን ይዛ እንደምታዳምጥ ታወቀ።

ሐኪሙ ስድብ ጠበቀ፤ ከቤቴ ውጣ እንዲባል ጠበቀ። ወንድሙ ግን ወደ ልጁ ዞረ።

«ሐሙስ ቦራን ለልምምድ ጋልበሽው ነበር፤ አይደል?»

«አዎ።»

«ምን አለሽ?»

«ምን ይለኛል?»

«ፈረስ ሥር ሥር እያልሽ ያደግሽ ነሽ፤ አታሞኚኝ። ማዞሪያው ላይ ምን አለሽ?»

ልጅቱ ካልሲዋን ታይ ጀመር። አንዴ ወደ አባቷ፣ አንዴ ወደ አጎቷ አየች። «ትንሽ ጠበበብኝ» አለች። «እሾህ ላይ እንደሚሄድ ዓይነት። ከዚያ ሲሟሟቅ ተወው። የጠፋ መሰለኝ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለምን?»

«እንዳይቀሙኝ ነዋ» አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ወንድሙ ራሱን ነቀነቀ፤ የሚቆጣትም አይመስልም። «እኔም ለማንም አልነገርኩም» አለ።



«ጋሼ፣» አለ ወንድሙ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል፣ «አንተ ከውጭ ሆነህ ካየኸው፣ እኔ ላዩ ላይ ተቀምጬ አይሰማኝም? ወደ መነሻው ስወስደው እርምጃው አጥሮ ነበር። ሁለት ጊዜ ተደናቅፏል። ወርጄ አሞታል ማለት እችል ነበር። ግን ያን ውድድር ፈለግሁት። እንዲሁ ፈለግሁት።»

ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያለውን የእንጨት መደገፊያ ያዘ። መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ አልነበረም፤ ንዴት ነው። ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጣበትን፣ ከሚስቱ የደበቀውን፣ በየእሑዱ እንደ ድንጋይ ተሸክሞ የሚገባበትን ነገር ይሄ ሰውዬ ግማሹን ይዞበት ኖሯል። ድምፁ ዝቅ አለ።

«አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?»

«ከሆስፒታል ስወጣ ልነግርህ ነበር። በመጀመሪያው እሑድ መጣህ፤ ፊትህን አየሁት። አንድ የያዝከው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ባላውቅም እኔ ዘንድ የሚጎትትህ እሱ መሆኑን ዐወቅሁ። ያ ሁሉ ጓደኛ በስድስት ወር ውስጥ ዝር ማለት ተወ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ባቀልልህ፣ አንተም እንደነሱ ትቀራለህ ብዬ ፈራሁ። ሌላ የምጠብቀው ሰው አልነበረኝም።»

ሐኪሙ «እመጣ ነበር» ሊለው ፈለገ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቢለው ወንድሙ ደስ ይለዋል፣ ልጅቱም ትጽናናለች። ግን ያን ያህል እሑድ፣ በዝናቡም፣ በልጆቹ ልደትም፣ ሚስቱ ታማ በተኛችበት ሳምንትም፣ ጸጸት ባይገፋው ይመጣ ነበር? ራሱን ጠየቀ፤ መልሱን አላገኘም። አለማግኘቱ ከጉራች በላይ አሳፈረው።

«እመጣ እንደነበር አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

«እኔም አላውቅም» አለ ወንድሙ።

ልጅቱ ተነሳች። በሐኪሙ አጠገብ ስታልፍ እጁን ያዝ አድርጋ «አጎቴ፣ ቁጭ በል እንጂ» አለችው። ጓዳ ገብታ ስልክ ስትደውል ተሰማ። «ሐሙስ ያልነገርኩዎት ነገር አለ» ትላለች ለቆቡ።

ሐኪሙ ከወንድሙ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እንዲህ ተያይተው የተቀመጡበት ቀን ትዝ አይላቸውም፤ ሁልጊዜ አንዱ የሌላውን እግር እያየ ነበር የሚያወሩት።

«ነገ እሑድ ነው» አለ ወንድሙ።

«አዎ።»

«ትመጣለህ?»

በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ጠይቆት አያውቅም ነበር።